ያ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ፦ ለኪስ ሪከርደር ማይክና ባትሪ ፍለጋ

1ኛ ሳምንት

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ሪከርደሩን ማታ 12 ሰዓት ውጭ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት 12 ሰዓት አነሳለሁ። በመሃል ያለው ሌሊት፣ በተለይ ንጋት ላይ የወፎቹ ጫጫታ፣ ሙሉው ተቀድቶ መገኘት አለበት።

ያለኝ የኪስ ሪከርደር ነው። ደብል ኤ የሚባለውን ትንሹን ድንጋይ ሁለት ይወስዳል። ባለ 3.5 ሚሊሜትር የማይክ ቀዳዳ አለው። በዩኤስቢም ይሠራል። ሁለት የራሱ ማይኮች አሉት።

የመጀመሪያውን ሌሊት በራሱ ማይክ ቀዳሁ። ጠዋት ስሰማው ወፎቹ አሉ። ከኋላቸው ግን ሽሽሽ የሚል ነገር አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው ያደረው፤ ቅጂውን የሰማ ሰው ግን ሌሊቱን ሲያካፋ አድሯል ይላል።

ወዲያው ያማረኝ ሌላ ሪከርደር መግዛት ነበር። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። የማይኩ ነው ወይስ የሪከርደሩ ማጉያ? ከተበላሸ ኤርፎን ላይ ጃኩን ቆረጥኩ፤ ሽቦዎቹን ልጬ ሁሉንም አንድ ላይ ጠመዘዝኩ። ይሄ ምንም የማይሰማ ማይክ ማለት ነው። ፕላግ ኢን ፓወር የሚለውን፣ ማለትም ሪከርደሩ በማይክ ቀዳዳው በኩል ለማይክ የሚልከውን ትንሽ ኤሌክትሪክ፣ ከሜኑው አጠፋሁ፣ ጃኩን ሰካሁ፣ ጌይኑን (የማጉያውን መጠን) እስከ መጨረሻ ከፍቼ 1 ደቂቃ ቀዳሁ። ቀጥሎ ጃኩን ነቅዬ ሪከርደሩን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩና ቁም ሳጥን ውስጥ ዘግቼበት በራሱ ማይክ 1 ደቂቃ ቀዳሁ።

ልዩነቱ 11 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሆነ፤ የበለጠ ሽሽሽ ያለው የራሱ ማይክ ነው። የውስጡ ማይክና የውጭው ቀዳዳ ጌይናቸው እኩል ላይሆን ስለሚችል ይሄ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ቢሆንም ለውሳኔ ይበቃል። ማጉያው ያን ያህል አያማም። ሽሽሹን የሚያመጡት እነዚያ ትንንሽ የውስጥ ማይኮች ናቸው። ሪከርደሩ ይቆያል፤ የውጭ ማይክ ይፈለጋል።

በዚያው ፕላግ ኢን ፓወሩን መልሼ አበራሁና ጃኩ ጫፍ ላይ ቴስተር አደረግኩ። 2.6 ቮልት። ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልገኛል።

2ኛ ሳምንት

ቤት ውስጥ አንድ ዳይናሚክ የእጅ ማይክ ነበር፤ ለመድረክ የሚሆነው ዓይነት። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ኃይል ካልበላ ለሌሊት ሥራ ተገኘለት ብዬ ጓጓሁ። ከማይኩ ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር ወደ 3.5 ጃክ የሚቀይር ኬብል ገዛሁ።

ለሙከራ የአጎቴን የወጣትነት ታሪክ ልቅዳ አልኩ። 40 ደቂቃ ተረኩልኝ። በሄድፎን ስሰማው ድምፃቸው ትንሽ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ከፊቴ የሚያወሩ ሳይሆን ጭንቅላቴን ከሁለት ወገን የያዙኝ ይመስላል። አዲስ ማይክ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ፋይሉን ለእህቴ ላክሁላት።

ደወለች። "አንተ፣ ባዶ ፋይል ነው እኮ የላክህልኝ።"

"እንዴት ባዶ ይሆናል? እኔ ጋ ይሰማል።"

"ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ሰው ግን የለም። ትንሽ የማንቁርት ድምፅ ነገር አለ፣ በቃ።"

ስልኬ ላይ ያለ ኤርፎን ሞከርኩት። እውነቷን ነው። አጎቴ ጠፍተዋል።

ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የማይኩ ኬብል ድምፁን በሁለት ሽቦ ነው የሚልከው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይስባል። የገዛሁት ኬብል አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ቻናል አስገብቶታል። በሄድፎን ሁለቱ ለየጆሮው ይደርሳሉ። የስልኩ ስፒከር ሁለቱን ሲደምር ግን ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ስቴሪዮውን ከፍዬ አንዱን ትራክ ብቻ ኢንቨርት አደረግኩት (ገለበጥኩት)፣ አጎቴ ተመለሱ። ደግነቱ ምንም አልጠፋም። ኬብሉን ደግሞ ጃኩን ፈትቼ በአዲስ በየድኩት፦ 2ኛው እግር ለግራም ለቀኝም፣ 3ኛው ከ1ኛው ጋር ተገናኝቶ ወደ መሬት (ወደ ጋራው ሽቦ)። ዳይናሚክ ሲሰካ ፕላግ ኢን ፓወሩም ይጠፋል።

ለአጎቴ በቂ የሆነው ማይክ ለወፍ ግን አልሆነም። ምክንያቱን በቁጥር ላስቀምጠው። ታዋቂው የመድረክ ማይክ ሹር ኤስኤም58 ስሜቱ (ለአንድ መጠን ድምፅ የሚያወጣው ቮልቴጅ) በፓስካል -54.5 ዲሲቤል ቮልት ነው፤ 1.85 ሚሊቮልት ገደማ ማለት ነው። 1 ፓስካል ደግሞ 94 ዲሲቤል የሆነ ድምፅ ነው፤ ኃይለኛ ጩኸት። ከሩቅ ዛፍ የሚመጣ የወፍ ድምፅ ከዚያ ከ50 እስከ 60 ዲሲቤል ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ጌይኑን እስከ ጥግ መክፈት አለብኝ፤ ያኔ ያ 11 ዲሲቤል ንጹህ ነው ያልኩት ማጉያ ራሱ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። ዳይናሚክ ማይክ ጸጥ ያለ ማጉያ ይፈልጋል። ኪስ ውስጥ የሚገባ ሪከርደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የለውም።

3ኛ ሳምንት

ወደ ኤሌክትሬት፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደሚፈልገው የማይክ ዓይነት፣ ዞርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ለስልክ የተሠራ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ነው። ሰካሁት፤ የለም። ትንሽ ሳብ ሳደርገው ይሰማል፣ ስለቀው ይጠፋል። ጃኩን በደንብ ሳየው ጥቁር ቀለበቱ ሦስት ነው። የስልክ ጃክ አራት ክፍል አለው፤ ማይኩ ያለው መጨረሻው ላይ፣ ከኬብሉ በኩል ነው። የሪከርደሩ ቀዳዳ ግን ማይኩን ጫፉ ላይ ነው የሚጠብቀው። ቀለበት ሁለት ከሆነ ለሪከርደር፣ ሦስት ከሆነ ለስልክ። መቀየሪያ አለ፤ እኔ ግን መለስኩት።

ከዚያ ባዶ ካፕሱል (ድምፁን የሚሰማውን የማይኩን ፍሬ) ገዝቶ ራስ መበየድ ወደሚለው ገባሁ። ፕሪሞ ኢኤም272 የሚባለው፣ የተፈጥሮ ድምፅ የሚቀዱ ሰዎች የሚወዱት፣ የራሱ ጫጫታ 14 ዲሲቤል ነው፤ ስሜቱ -28። ከዳይናሚኩ ጋር ሲነጻጸር 26.5 ዲሲቤል ይበልጣል። ለተመሳሳይ ወፍ 20 እጥፍ ገደማ የበለጠ ቮልቴጅ ያወጣል ማለት ነው። ጌይኑን መክፈት አያስፈልግም፤ ስለዚህ የማጉያው ሽሽሽ ከማይኩ በታች ተቀብሮ ይቀራል። ከሪከርደሩ ጋር ሳልጣላ ማሸነፍ የምችለው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ገዛሁ። ሁለቱ ለሥራ፣ አንዱ ለጥፋት። ጥፋቱ በመጀመሪያው ቀን መጣ። ካፕሱሉ ከኋላው ሁለት ነጥብ አለው። መበየጃውን አስጠግቼ ቆርቆሮው እስኪፈስ ጠበቅኩ፤ አልፈሰሰም፤ ጨመርኩ። 8 ሰከንድ ያህል። ካፕሱሉ ከዚያ በኋላ የሰማው ነገር የለም። ውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን ሙቀት አትችልም። ሁለተኛውን ስበይድ ነጥቦቹንም ሽቦውንም ቀድሜ ቆርቆሮ ቀባኋቸው፣ ካፕሱሉን የእርጥብ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ አስቀመጥኩ፣ ከ2 ሰከንድ በላይ አልነካሁም። ሌላ መያዝ ያለበት ነገር፦ ከሁለቱ ነጥቦች ከካፕሱሉ የብረት ቤት ጋር የተያያዘው መሬት ነው። ተገላብጦ ከተበየደ አይሠራም።

ሽቦውም አንድ ቀን በላኝ። የተጠቀምኩት ቀጭን የኤርፎን ሽቦ ነበር፤ መከለያ የለውም። ስልኬ አጠገቡ በነበረ ጊዜ ሁሉ ትር ትር ትር ትር ይላል። ይህ የቆየው የጂኤስኤም ስልክ ምት ነው፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ነው የሚርገበገበው፣ መስማት የምንችለው ለዚያ ነው። ዙሪያውን በሽቦ መረብ በተሸፈነ ኬብል ቀየርኩት፤ ጠፋ። ስልኩንም ቤት መተው ጀመርኩ።

ወጪው፦ ሁለት ካፕሱል፣ 3 ሜትር ኬብል፣ አንድ ጃክ። ሞቶ የቀረውን ጨምሬም ከሪከርደሩ ዋጋ ሩብ አይደርስም።

አንድ የማውቀው ሰው "ለምን ባለ 48 ቮልቱን ማይክ አትገዛም?" አለኝ። ፋንተም ፓወር ማለቱ ነው፤ ሪከርደሩ በኬብሉ በኩል ለማይኩ የሚልከው 48 ቮልት። ኤክስኤልአር ያለው ሪከርደሩን አውሶኝ ሞከርኩት። ድምፁ ግሩም ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ግን ያንን 48 ቮልት ሪከርደሩ ከሁለት ትንንሽ ድንጋይ ነው የሚሠራው። አንድ ማይክ 4 ሚሊአምፒር ቢስብ 0.19 ዋት ነው፤ ሁለት ሲሆን 0.4 ይጠጋል፤ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ የሚባክነው ሳይቆጠር። በሁለት ድንጋይ 4 ሰዓት ብቻ ቆየ። ቤት ውስጥ፣ ሶኬት አጠገብ ለሚቀዳ ሰው ይሁን። ለሌሊት አይሆንም።

ባለ 32 ቢት ፍሎት ሪከርደር ግዛም ብሎኝ ነበር። እሱ ድምፁ ሲጮህ ከመቆረጥ ነው የሚያድነው። ማይኩ ራሱ ሽሽሽ ካለ ሽሽሹን በጥራት ይቀዳልሃል።

4ኛ ሳምንት

ማይኩ አለ። አሁን ደግሞ ባትሪ።

በሚሞላ ኒኬል ደብል ኤ፣ 1,900 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት ጀመርኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጠፋ። ወፎቹ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስሌቱ ይገጥማል፤ ሪከርደሩ 200 ሚሊአምፒር ገደማ ይበላል። ሜኑው ውስጥ የባትሪውን ዓይነት አልካላይን ላይ ትቼው ኖሮ የባትሪ ምልክቱ ገና ከመጀመሪያው ግማሽ ነበር የሚያሳየው። የሚሞላው 1.2 ቮልት፣ የሚጣለው 1.5 ቮልት ስለሆነ ሪከርደሩ ሳይነገረው አያውቅም። አስተካከልኩት። ምልክቱ እውነት ተናገረ፤ ሰዓቱ ግን አልጨመረም።

ስለዚህ ፓወርባንክ። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል፤ የሚቆጠረው ግን በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ነው። 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ሲቀነስ 31 ያህል ይቀራል። ሪከርደሩ ግማሽ ዋት አይሞላም። ከሁለት ሌሊት በላይ ይበቃል ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ያገኘሁት የ40 ሰከንድ ፋይል ነው።

ፓወርባንኩ ራሱን አጥፍቷል። የሚሞላ ስልክ ተሞልቶ አበቃ ብሎ እኮ ነው። የዩኤስቢ መለኪያ ሳደርግበት ሪከርደሩ በ5 ቮልት 90 ሚሊአምፒር ብቻ ነው የሚስበው፤ ፓወርባንኩ ይህን ከምንም አይቆጥረውም። ለጆሮ ማዳመጫና ለእጅ ሰዓት ተብሎ አነስተኛ ጅረት የሚፈቅድ ቅንብር ያላቸው አሉ። የእኔው የለውም። ስለዚህ ስልክ እየሞላ እንዲመስለው 47 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ እየበላ የሚሞቅ ትንሽ ዕቃ) ከጎኑ አስገባሁ። በ5 ቮልት 106 ሚሊአምፒር ይጨምራል። ሩብ ዋት የሚችለውን ሬዚስተር ስለተጠቀምኩ 2 ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ፤ ግማሽ ዋት ነው የጫንኩበት። ባለ 2 ዋት ቀየርኩ። እሱም ይሞቃል፣ ግን ቻለ። ፓወርባንኩ አደረ።

ቅጂው ግን እንዳይሆን ሆነ። ከሽሽሹ ይልቅ የባሰ ነገር፦ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ የወባ ትንኝ ዓይነት ፉጨት። ጸጥ ባለው ሰዓት ጎልቶ ይሰማል። ፓወርባንኩ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው በማብራትና በማጥፋት ነው። ጭነቱ ሲያንስ እረፍት እየወሰደ ይሠራል፤ ያ የእረፍት ምት ጆሮ ወደሚሰማው ክልል ይወርዳል። የሚገርመው፣ ሬዚስተሩን ሳስገባ ፉጨቱ ወደ ላይ ሸሽቶ ቀነሰ፤ ስነቅለው፣ ከመጥፋቱ በፊት ባለችው ግማሽ ደቂቃ፣ ወረደና ጎላ። ኬብሉ ላይ የምትቆለፈውን የፌራይት ቀለበት ገዝቼ አሰርኩ። ምንም። ኋላ ነው የገባኝ፤ ፌራይት የሬዲዮ ሞገድን ነው የሚያፍነው፣ የጆሮን አይደለም።

5ኛ ሳምንት

ማይኩ የሚጠጣውን ኃይል ከሪከርደሩ ልለየው አልኩ። ፉጨቱ በፕላግ ኢን ፓወሩ በኩል ወደ ካፕሱሉ እየገባ ሊሆን ይችላል። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ሬዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተር። ካፓሲተሩ ቮልቴጁን ያግዳል፣ ድምፁን ያሳልፋል።

እጄ ላይ የነበረው 0.1 ማይክሮፋራድ ነበር። ሰው ሁሉ በአሮጌ ስልክ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል፤ ጎርናናው ድምፅ የለም። ካፓሲተሩና የሪከርደሩ መግቢያ አብረው ማጣሪያ ሠርተዋል። መግቢያውን 2.2 ኪሎኦም ብንለው ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጣል። 10 ማይክሮፋራድ ሳደርግ ወደ 7 ኸርዝ ወረደ። ድምፁ ሞላ። ከ2.6 ቮልት ወደ 9 መሄዱም በኃይለኛ ድምፅ ጊዜ የነበረውን መሻከር አጠፋው። ሁለቱ ካፕሱሎች አንድ ላይ 1 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚስቡ ባለ 9 ቮልቱ ብዙ ሌሊት ይቆያል፣ ማጥፋቱ ካልተረሳ።

ፉጨቱ? ቀነሰ። አልጠፋም። መሬቱ አሁንም የጋራ ነው።

ሁለት ቀን ተናድጄ ተውኩት። ከዚያ ጥያቄውን ቀየርኩ። ፉጨት የሚያመጣው ቮልቴጅ የሚቀይረው ዕቃ ከሆነ፣ ለምን ይኖራል? ሪከርደሩ የሚፈልገው 3 ቮልት ነው። ትልቁ የባትሪ ድንጋይ፣ ዲ የሚባለው፣ እሱም 1.5 ቮልት ነው። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ማለት ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሆዱ ብቻ። አልካላይኑ በቀስታ ሲጠጣ ከ12,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በላይ ይሰጣል።

ከመጥረጊያ እጀታ ሁለት ቁራጭ እንጨት ቆረጥኩ። ደብል ኤ ውፍረቱ 14.5፣ ርዝመቱ 50.5 ሚሊሜትር ነው። እጀታው ወፍራም ስለነበር በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ይህ ብቻውን አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደ። በአንደኛው ጫፍ ላይ አጭር ብሎን፣ ከብሎኑ ስር የተጠመዘዘ ሽቦ። አንዱ እንጨት በፖዘቲቩ በኩል፣ ሌላው በኔጋቲቩ በኩል፤ ሌሎቹ ሁለት ጫፎች ባዶ እንጨት ናቸው። ሽቦው እንዲወጣ የባትሪውን ክዳን ጥግ በትንሹ በፋይል ሞረድኩ። ከመሰካቴ በፊት ዋልታውን በቴስተር ሦስት ጊዜ አየሁ። ተገላብጦ ቢገባ ሪከርደሩን እሰናበተው ነበር።

አበራሁ። አዲስ ድንጋይ፣ የባትሪ ምልክቱ ግን ግማሽ። ሽቦው ነው። የተጠቀምኩት ያንኑ የኤርፎን ሽቦ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 1 ኦም ይሆናል። 200 ሚሊአምፒር ሲያልፍበት 0.2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ3 ቮልት ላይ 0.2 ቀላል አይደለም። ወፍራም ሽቦ አደረግኩ፣ የብሎኖቹንም ራስ በአሸዋ ወረቀት አበራሁ። ምልክቱ ሞላ።

ፉጨት የለም። ሄድፎኑን አድርጌ ጌይኑን ከፍቼ 10 ደቂቃ ቁጭ አልኩ። የለም።

6ኛ ሳምንት

የመጀመሪያው ሌሊት በትልቁ ድንጋይ። ነገሩን ለማየት በጨለማ ስወጣ ሽቦውን በእግሬ መታሁት። ሪከርደሩ ጥፍት አለ። ፋይሉ ካርዱ ላይ አለ፣ 1.6 ጊጋባይት ይላል፤ የትኛውም ማጫወቻ ግን 0 ሰከንድ ነው የሚለው። ዋቭ ፋይል ርዝመቱን ራስጌው ላይ የሚጽፈው ሲዘጋ ነው፤ ሳይዘጋ ሞቷል። ኦዳሲቲ ውስጥ ጥሬ ዳታ አስገባ በሚለው ከፈትኩት፦ 24 ቢት፣ ሊትል ኤንዲያን፣ 2 ቻናል፣ 48,000 ኸርዝ። መነሻ ባይቱ 0 ሲሆን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት። 1 ሲሆን ጩኸት። 2 ስለው የክሪኬቶች (ፌንጣ መሰል ነፍሳት) ድምፅ መጣ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ። ራስጌው 44 ባይት ነው፤ አንድ የስቴሪዮ ናሙና 6 ባይት። 44 ለ6 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ከዚያ ወዲህ ሽቦው በናስትሮ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቋል።

ካርዱ ችግር አይደለም። በዚህ ጥራት በሰዓት 1.04 ጊጋባይት ይበላል፣ ለ12 ሰዓት 12.4። ሪከርደሩ 2 ጊጋባይት በሞላ ቁጥር አዲስ ፋይል ይከፍታል።

ነፋሱ ግን አስቸገረ። ማይክ ላይ የሚለበሰው ስፖንጅ ለሰው እስትንፋስ ነው እንጂ ለነፋስ አይሆንም፤ ረጅም ፀጉር ያለው ጨርቅ ያስፈልጋል። ከአሮጌ የኮት ኮሌታ ላይ ቆርጬ ሰፋሁ። በሁለተኛው ሌሊት ድመቷ አንዱን ወስዳዋለች። ቅጂው ላይ ሙሉው አለ፦ የእግሯ ኮቴ፣ ማሽተት፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ኮሽታ። እንደገና ሰፋሁና ማይኮቹን ከፍ አድርጌ ሰቀልኳቸው፣ ፊታቸውን ወደ ታች፣ ጤዛ እንዳይገባባቸው።

ትናንት ሌሊት፦ 12 ሰዓት ሙሉ፣ ሳይቆረጥ። የመጀመሪያዋ ወፍ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ47 ላይ፣ ከግራ በኩል። ከእሷ በፊት ያለው ጸጥታ በእውነት ጸጥታ ነው። ድንጋዮቹን ጠዋት ስለካ እያንዳንዳቸው 1.45 ቮልት አላቸው፤ ገና ብዙ ይሄዳሉ። የግራው ካፕሱል ከቀኙ በ2 ዲሲቤል ያንሳል። የአምራቹ ልዩነት ወሰን 3 ስለሆነ ጥፋት አይባልም፤ ለአሁኑ ኦዳሲቲ ላይ አስተካክለዋለሁ። ሁለት ካፕሱል ደግሞ አዝዣለሁ፣ ከአራቱ ተቀራራቢዎቹን ልመርጥ።